ለእንቅልፌ ሂስ አልቀበልም

እንቅልፍ አጣሁ ስትሉ ሰው ይስቅባችኋል። «ታድለሽ! እኔን እንኳ እንቅልፉ ነው ያስቸገረኝ» ይላችኋል። እኔም አንድ ሰሞን አብሬ እስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ተውኩት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዓይኗ ፈጦ ለሚነጋባት እናት ነው። ደግሞም እንደዚያን ጊዜው አለቃዬ እንቅልፍ ማጣት ስንፍና ለሚመስለው ሰው ነው። እሱም ያንብበው፤ አልፈራም።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት አጸዳለሁ፣ ሻይም አፈላለሁ። ባለቤቴ ተስፋዬ አናጢ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ማርታና ትንሹ ናትናኤል። እኔ ከድሮም ጠንቃቃ ነኝ። «አንቺ ልጆቹ ሲስቁም ትን ይላቸዋል ብለሽ ትሰጊያለሽ» ይለኛል ተስፋዬ። ውሸቱን አይደለም።

ሕመሙ የጀመረኝ የጎረቤታችን ቤት ከተቃጠለ በኋላ ነው። መብራት ጠፋ፣ ሻማ አበሩ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ሻማው መጋረጃውን ያዘ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ግን ቆሜ ከሰል የሆነውን ግድግዳ ሳይ አንድ ሴትዮ «ምን ያድርጉ፣ ተኝተው ነበር እኮ» ስትል ሰማሁ። እሷ ለማዘን ያለችው ነው። እኔ ግን ቃሏን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ተኝተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ መተኛት አደጋ መሰለኝ። በሩን ቀርቅሬ እጋደማለሁ፤ «በደንብ ቀርቅሬዋለሁ?» ብዬ እነሳለሁ። ምድጃው ላይ እጄን አሳርፌ መቀዝቀዙን አያለሁ። የልጆቹን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ተመልሼ ልክ ዓይኔን ስከድን በሩ እንደገና ትዝ ይለኛል። ተስፋዬ መጀመሪያ አዘነልኝ፤ ቀጥሎ ተነጫነጨ፤ በኋላ ተቆጣ።

«ሴትዮ፣ ቤቱ ራሱ እንቅልፍ አጣ እኮ!» አለኝና ትራሱን ይዞ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ አልጋው ሰፋብኝ፤ ሌሊቱም አብሮ ሰፋ። ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ሆንኩ። ማርታ ማንኪያ ብትጥል እጮሃለሁ። መወልወያውን ይዤ ኮሪደር መሃል ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል። ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፤ ምግብ አፌ ውስጥ ይዞራል።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያው አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ነው። ደም ሰጠሁና «ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ይዘውሻል» ተባልኩ። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ እንቅፋት የመታውም ሰው ክሊኒክ ከገባ ታይፎይድ ሳይባል አይወጣም ነበር። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እንቅልፉ አልመጣም። ሌላ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» አለኝና ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። ሦስተኛው «ደም አንሶሻል» አለኝ። ጠበልም ሄድኩ፤ ሆዴ ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ፤ ሲመሽ ግን ያው በሩ አለ። ጴንጤ የሆነችው ጎረቤቴ እጇን ጭና ጸለየችልኝ፤ አሜን አልኩ። ማንንም አልነቅፍም። ግን አንድም ሰው «ሌሊት ምን እያሰብሽ ነው የምታድሪው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ከመድኃኒት መደብር የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አገኘሁ። ዋጥኩትና እንደ ግንድ ተኛሁ። ሲነጋ ተስፋዬ «ናትናኤል ሲያስል፣ አንቺን ሲጣራ አልሰማሽም?» አለኝ። አልሰማሁም። የፈራሁት ይኸው ነበር፤ ልጄ ሲጣራ ተኝቼ መገኘት። የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመርኩት። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ከሐኪም ሳይታዘዝ መጀመርም፣ አዘውትረው የወሰዱትን በድንገት ማቆምም ጉዳት አለው። ይህን የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ የማንቆርቆሪያው ነገር መጣ። መሥሪያ ቤት ሻይ ክፍል ውስጥ ውሃ ጥጄ ወንበሩ ላይ አረፍ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ የለመንኩት እንቅልፍ እዚያ አገኘኝ። የነቃሁት ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን ይዘው ሲንጡኝ ነው። ጋሽ ወልዴ የማንኪራ፣ የቡናው አገር ሰው ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ የሌሊት ጥበቃ። ያን ቀን ተረኛው ዘግይቶባቸው ሳይወጡ ቆይተው ነበር። ውሃው ደርቆ አልቋል፤ የማንቆርቆሪያው ቂጥ ቀልጧል፤ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። እሳት ፈርቼ ሌሊት የማልተኛ ሴት፣ ቀን ተኝቼ መሥሪያ ቤት ላቃጥል ነበር።

አለቃችን አቶ ዘውዴ አስጠሩኝ። «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላሉ፤ ቢፒአር ሲመጣ የተሰጠ ስም ነው። ቢፒአር ማለት ያኔ አሠራሩ ከሥሩ ይለወጣል ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ የተደለደለበት ነገር ነው። ማን ቦታውን እንደያዘ፣ ማን እንደሚነሳ ስለማይታወቅ ሁሉም አንገቱን ቀብሮ ነበር የሚሠራው።

«አሰገደች፣ ሌሊት ምን ስትሠሪ ታድሪና ነው ቀን የምትተኚው?» አሉኝ።

«እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ ታምሜ...»

«እንቅልፍ ማጣት ሕመም አይደለም፤ የሥራ ፍላጎት ማጣት ነው። በግምገማው እናየዋለን። ደካ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል።»

ደካ የጌሻ ወረዳ ከተማ ነው። የደካ ሰው አይቀየመኝ፤ መልካም አገር ነው። ለእኔ ግን ልጆቼ ቦንጋ ሆነው እኔ ደካ ማለት፣ በሩን ሌላ ሰው ይቀረቅረዋል ማለት ነው። ያን ሌሊት ጭራሽ አልጋ ላይ አልወጣሁም።

ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ አወጣሁና አግዳሚው ላይ ወረፋ ያዝኩ። ከተራራ ማዶ የመጡ ሰዎች ታማሚያቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ታባብላለች። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘርግቷል። ጋዜጣው የተዘቀዘቀ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ የሒሳብ ሠራተኛችን በላቸው ነው።

በላቸውን የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። በግምገማ ላይ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣ፣ «የማክለው አለኝ» የሚል እሱ ነው።

«ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለኝ ቶሎ ብሎ።

«እኔም» አልኩ።

«ማንን?»

«አንተስ ማንን?»

 ጥቂት ቆይቶ ነርሷ ብቅ አለችና «እንቅልፍ እምቢ ያላቸው፣ አቶ በላቸው!» ብላ ተጣራች። ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ጋዜጣውን አጣጥፎ ሲነሳ «እትዬ አሰገደች፣ እግዜር ይይልሽ» አለኝ፤ ግን እሱም ፈገግ ብሎ ነበር።

ነርሷ ሲስተር ሮማን ትባላለች። የአእምሮ ሕክምና የተማረች ናት፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች። የሕክምናውን ስም ስሰማ ደነገጥኩ። አብዳለች ሊሉኝ ነው ብዬ ልወጣ ስል «እትዬ፣ ይቀመጡ። ሌሊት ምን ያስባሉ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዞሬ ያጣሁትን ጥያቄ እሷ መጀመሪያ ጠየቀችው። አለቀስኩ።

ከእኛ መሥሪያ ቤት ብቻ በተከታታይ በርካታ ሰው ስለ እንቅልፍ እንደመጣባት ነገረችኝ። ስም አልጠራችም። «እያንዳንዳችሁን እዚህ ወረፋ ከማስያዝ እኔ ብመጣ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ አንድ ላይ ብትቀመጡስ? በቡድን የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ክኒን የለውም፣ ንግግርና ልምምድ ነው» አለች። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ፈቀዱ። ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ትንሿ አዳራሽ ተሰጠን።

የመጀመሪያውን ዓርብ እስካሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ። ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደረደረች። እኔ፣ ጋሽ ወልዴ፣ በላቸውና ጸሐፊዋ ትዕግሥት ገባን። አንድ ሰው መሃል ገብቶ ሌላው ዙሪያውን ሲቀመጥ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲስተር ሮማን «እስቲ እያንዳንዳችሁ ችግራችሁን በግልጽ ተናገሩ» አለች። ጋሽ ወልዴ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ግለ ሂሴን አወርዳለሁ» አሉ። «በጥንካሬ፣ ሥራዬን አክባሪ ነኝ። በድክመት፣ ቀን መተኛት ሲገባኝ አልተኛም። ይህም ኪራይ ሰብሳቢነት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለወደፊቱ አስተካክላለሁ።»

በላቸው እጁን አወጣ። «በጋሽ ወልዴ ላይ የማክለው አለኝ!»

ትዕግሥት ደብተር ከፍታ መጻፍ ጀምራ ነበር። ሲስተር ሮማን ዓይኗ ፈጦ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሱን ታያለች። «ቆይ፣ ቆይ... ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ግምገማ አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

እሷ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ትዕግሥት፤ ከዚያ ሁላችን። በላቸው እጁን እንዳነሳ ቀርቶ አብሮ ሳቀ። ሲስተር ሮማን ሳቋን ስትጨርስ የትዕግሥትን ደብተር ዘጋችው። «እዚህ ድክመት የሚባል የለም። ሕመም ነው ያለው። ማንም ማንንም አይተችም፤ የሚጻፍ ነገር የለም፤ እዚህ የተባለ ከበሩ አይወጣም» አለች። ሳቁ ቆመ። ሁላችንም ቀስ ብለን በላቸውን አየነው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ገና ከመጀመራችን አቶ ዘውዴ ገቡ። ወንበር ስበው ከፊት ተቀመጡ። «ስብሰባ ያለ ሰብሳቢ አይሆንም። እኔ መድረኩን እመራለሁ፤ ትዕግሥት ቃለ ጉባኤ ትያዝ» አሉ። ሲስተር ሮማን ልትናገር አፏን ስትከፍት አላስጨረሷትም። ትዕግሥት ደብተሯን አወጣች።

እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ፈሪ መሆኔን አይታችኋል። ግን ደካ ቢልኩኝም ባይልኩኝም ያቺ ክፍል ከተወሰደችብኝ ሌላ በር እንደሌለኝ ገባኝ።

«አቶ ዘውዴ፣ እርስዎም እንቅልፍ ካጡ ክቡ ውስጥ ይቀመጡ፤ ቦታ አለ። ካላጡ ግን ይውጡልን» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ የሕመምተኛ ክፍል ነው። ሆስፒታል ሄደው ሰው ሲመረመር ሰብሳቢ ይሆናሉ?»

ጋሽ ወልዴ «እውነቷን ነው» አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን አሉ። አቶ ዘውዴ ወንበሩን ገፍተው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው «ግምገማው ሩቅ አይደለም» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ።

ሲስተር ሮማን ያስተማረችን ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ዘግይተንም ብንተኛ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እንድንነሣ፤ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ እንዳንገላበጥ፣ ተነሥተን ወንበር ላይ እንድንቀመጥ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ እንድንመለስ። አልጋው የጭንቀት ቦታ መሆኑን እንዲረሳ ነው አለችን። ጭንቀቱን ደግሞ ገና ሳይመሽ ሰዓት ሰጥተን በብርሃን እንድንጨነቅ። የሌሊት ጥበቃ ለሆኑት ለጋሽ ወልዴ ለብቻ አወጣችላቸው፤ ጠዋት ሲገቡ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ እንዲሰቅሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ናቸው፤ አትደንግጡ። እኔ ልተወው ነበር።

ጠቡ የመጣው በቡና ነው። «ከምሳ በኋላ ቡና የለም» አለች።

«ምን?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ቡና እንቅልፍ ያባርራል፣ ጋሼ።»

«የኔ ልጅ፣ ማንኪራ ላይ ቡና የዱር ዛፍ ነው። እኔ ከጡት ቀጥሎ የቀመስኩት እሱን ነው። አሁን አንቺ ከየት መጥተሽ ነው ካፋን ቡና የምትከለክይው?»

«አልከለከልኩም። ሰዓት ነው ያወጣሁለት።»

«ቡናውንም በቢፒአር ደለደልሽው በይኛ!»

ተከራክረው ተከራክረው፣ ለእሳቸው ተረኛ ሆነው ሲገቡ አንድ ስኒ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ተባለ። በላቸው ይህን ሲሰማ ጀበና ሙሉ የሚጠጣው እሱ መሆኑን ተናገረ። ቦታውን ይነጥቁኛል ብሎ እያመሸ ይሠራ ነበር፤ ላለመተኛት ቡና ይጠጣ ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ መተኛት አልቻለም። «ግምገማ ላይ ቀድሜ የምናገረው ሌላው ሳይጀምርብኝ ነው» አለ። ማንም አልተቸውም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ቃል አጣሁ። አማርኛ የቢሮ ቋንቋዬ ነው፤ የምፈራው ግን በእናቴ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ይህን ስናገር ሲስተር ሮማን «እንግዲያው በካፊኖኖ ይናገሩ፤ ጋሼ ይተረጉሙልኛል» አለችኝ። ተናገርኩ። ስለ ሻማው፣ ስለ መጋረጃው፣ «ተኝተው ነበር» ስላለችው ሴትዮ፣ ልጄ ሲጣራኝ ስላለመስማቴ። እንባዬ እየወረደ ረጅም ጊዜ ተናገርኩ። ስጨርስ ሁሉም ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ።

«እሳት ትፈራለች» አሉ።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ይቺ ብቻ?» አለች ትዕግሥት።

«የቀረው ለእኔ ነው» አሉና በኮፍያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ለእኔ የተሰጠኝ ልምምድ ይህ ነው። በሩን አንዴ እቀረቅራለሁ፤ እጄን ሳላነሳ ጮክ ብዬ «ቀርቅሬያለሁ» እላለሁ፤ ምድጃውንም እንዲሁ። ከዚያ ልቤ ቢጮህም አልነሣም። ልቤ ጮኸ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አልቅሼ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ግን በሩ አልተከፈተም፤ ቤቱም አልተቃጠለም፤ ልቤም ቀስ በቀስ መጮህ ሰለቸው። አንድ ጠዋት ማርታ ቀስቅሳኝ ነቃሁ። ቀስቅሳኝ! ልጄ እናቷን ስትቀሰቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። «እማዬ፣ ታንኮራፊያለሽ» አለችኝ። ከዚያ በላይ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ተስፋዬም ትራሱን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ግምገማው ደረሰ። እውነተኛው።

አዳራሹ ሞልቷል። አቶ ዘውዴ ከፊት ተቀምጠዋል። ስሜን ጠሩና ቆምኩ። «አሰገደች በሥራ ሰዓት ተኝታ ንብረት አበላሽታለች፤ አደጋ ልታደርስ ነበር። ከዚያም አልፎ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ መሥሪያ ቤቱ ይወራል። በላቸው አብሮ አለ። በላቸው፣ እዚያ የተባለውን ለቤቱ ንገር» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ፣ ቀድሞ እጁን ማውጣት የለመደውን በላቸውን አየው።  ስለ ልጄ ሳል፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ለቅሶዬ ሁሉን ያውቃል። በላቸው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስተያየት የለኝም» አለ፤ ተቀመጠ።

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። በላቸው አስተያየት አጣ! አቶ ዘውዴ ወደ ትዕግሥት ዞሩ። «አስተያየት የለኝም» አለች ሳትጠየቅ። ጋሽ ወልዴ ከኋላ ሆነው «የለኝም» አሉ፤ የእሳቸውን ማንም አልጠየቀም።

«እንግዲያው አሰገደች፣ ግለ ሂስሽን አውርጂ» አሉኝ።

«ለማንቆርቆሪያው ሂሱን እቀበላለሁ» አልኩ። «ጥጄው የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ከደመወዜ ይቆረጥ። ለእንቅልፌ ግን ሂስ አልቀበልም። ወባ የያዘውን ሰው ለምን ተንቀጠቀጥክ ብላችሁ ትገመግማላችሁ? ታምሜ ነበር። ታከምኩ። እየዳንኩ ነው። ይህን ድክመት ብላችሁ ብትጽፉት ደካ ድረስ ይዤው አልሄድም።»

ዋና ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማንቆርቆሪያው ይተካ። ሕክምናው ይቀጥል። ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ። አቶ ዘውዴ ወረቀታቸውን ገለበጡ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ስቀመጥ በላቸው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «የማክለው ነበረኝ፣ አንቺ ጠቅልለሽ ጨረስሽው እንጂ» አለኝ። «ምኑን?» ስለው «ማንኮራፋትሽን» አለ።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት አይመጣም። ያኔ እነሣና ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ አልለምነውም። እናንተም ያማችሁን «ሕመም ነው» ብሎ ለሚሰማ ሰው ንገሩ፤ የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ብቻችሁን የሆናችሁ ቢመስላችሁ አጠገባችሁ ጋዜጣ ዘቅዝቆ የያዘውን ሰው እዩት።

በዚያ የግምገማ ቀን ቤት ስገባ ተስፋዬ እንጨት ማለስለሱን ትቶ በር ላይ ጠበቀኝ። «ተዛወርሽ?» አለኝ። «አልተዛወርኩም» አልኩት። ቁጭ አለ። ማታ በሩን ቀረቀርኩ፣ «ቀርቅሬያለሁ» አልኩ፣ ተኛሁ። በመሃል አልጋው ሲንቀሳቀስ ነቃሁ። ተስፋዬ በባዶ እግሩ ተነሥቶ በሩ ጋ ቆሟል፤ መቀርቀሪያውን ይዳብሳል።

«ተስፋዬ፣ ቀርቅሬዋለሁ እኮ። ና ተኛ» አልኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።